ሞተሩን አጥፋና ስማ

የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የተማርኩት በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በነበረች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ነው። ቤንዚን በኩፖን የሚቀዳበት፣ መለዋወጫ የጠፋበት ዘመን ነበር። ወደ እኛ የሚመጡት ፊያት፣ ፔጆ፣ ቮልስዋገንና ላዳ ሲሆኑ አብዛኞቹ ወይ አልነሳ ብለው ተገፍተው፣ ወይ ዲናሟቸው ባትሪ መሙላት አቁሞ ነው የሚመጡት። በሬዲዮ ምክንያት የሚመጣ ሰው ጥቂት ነበር። ያ ጥቂቱ ግን ከሁሉም ይብስ ነበር። መብራቱ የጠፋበት ሰው መኪናውን ጥሎልን ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ሬዲዮው የሚንጫጫበት ግን አጠገባችን ቆሞ፣ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ፣ በጆሮው ካልሰማ ንቅንቅ አይልም።

የጋራዡን ባለቤት ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። እኔም ጋሼ እያልኩ አሥር ዓመት ገደማ አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲጋራ ከአፋቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ስለ ሬዲዮ በትምህርት ቤት የተማሩት ነገር አልነበረም፤ ጆሯቸው ግን ለጉድ ነበር። የሬዲዮ ችግር ያለበት መኪና ሲመጣ እኔ ካቻቢቴ ይዤ ስንደረደር "አስቀምጥ!" ይሉኛል። ከዚያ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በሩን ዘግተው፣ "ሞተሩን አጥፋና ስማ" ይላሉ። ቀጥሎ ሞተሩ ይነሳል። ቀጥሎ ቤንዚን ይሰጠዋል። በመጨረሻ እጃቸውን ከሬዲዮው ጀርባ ሰደው የአንቴናውን ገመድ ይነቅሉታል። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድም ብሎን አልተፈታም። ከወንበሩ ሲነሱ ግን ጥፋቱ በየት በኩል እንደሚገባ አውቀውታል።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን ለእኔ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሬዲዮው ንጹሕ ከሆነ ጩኸቱ የመኪናው ነው። ሞተሩ ጠፍቶም የሚጮህ ከሆነ ከውጭ ነው፣ ወይም ከራሱ ከሬዲዮው። ሞተሩ እየሠራ አንቴናው ሲነቀል ጩኸቱ አብሮ ከጠፋ በአየር ላይ ተጉዞ በአንቴናው በኩል ነው የሚገባው። አንቴናው ተነቅሎም የሚቀጥል ከሆነ ግን ከባትሪ በሚመጣው ሽቦ ወይም በማሳው፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር በሚያያዘው መስመር በኩል ነው። ዛሬም ድረስ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላየሁም።

በደንብ የማስታውሳት የመጀመሪያ መኪና የአንድ መምህር ቮልስ ናት። ነጭ፣ በሯ የዛገ፣ ሞተሯ ግን ሰዓት ነበር። ሬዲዮዋ መካከለኛ ሞገድ ብቻ የሚይዝ፣ ሁለት ትልልቅ ማዞሪያ ያለው የጀርመን ብላውፑንክት ነው። ሰውየው የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የብሔራዊውን ሬዲዮ ዜና፣ ከገጃ ዴራ ማሰራጫ በ873 ኪሎ ኸርዝ የሚመጣውን፣ ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤታቸው እየነዱ መስማት። ቆማ ስትሰማ ጥሩ ናት። ሞተሩ ሲነሳ ግን ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ይጀምራል፤ ቤንዚን ሲጨመር ጠጠጠው ይፈጥንና አንባቢውን ይውጠዋል።

ጋሼ ያን ቀን ያሳዩኝን ዘዴ እስከ አሁን ለለማጆች አሳያለሁ። መኪናዋ ቆማ፣ ማርሹ ነፃ ሆኖ፣ ቤንዚን ረገጡና ሞተሩን አስጮኹት። ከዚያ በድንገት ቁልፉን አጠፉ። የሬዲዮው ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ የመጣ ስለነበር ሬዲዮው አልጠፋም። ሞተሩ በጉልበቱ ጥቂት እየተሽከረከረ ሲቆም ጆሯችንን ጣልን። ጠጠጠው ቁልፉ በጠፋባት ቅጽበት ቀጥ አለ። "ዲናሞ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ዞሮ እስኪቆም እየወረደ እየወረደ ነበር የሚጠፋው፤ ይሄ እሳት ነው" አሉ። እሳት የሚሉት የካንዴላውን ብልጭታ ነው።

ኋላ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ከነበረ አሮጌ የጀርመን መጽሔት ሥዕልና፣ ይበልጡን ደግሞ ከእንግሊዝኛ የሬዲዮ መጻሕፍት ምክንያቱን አገኘሁት። ሬዲዮ ሲፈለሰፍ እነ ማርኮኒ መልእክት የላኩት በኤሌክትሪክ ብልጭታ ነበር፤ ብልጭታ ባለበት ሁሉ በብዙ ፍሪኩዌንሲ ላይ የተበተነ የሬዲዮ ሞገድ አለ። ስለዚህ ኮፈኑ ሥር ያለች እያንዳንዷ ካንዴላ ፈቃድ ያላወጣች ማሰራጫ ናት። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ሲዞር በሴኮንድ 100 ብልጭታ ይተፋል። መካከለኛ ሞገድ ደግሞ ድምፁን የሚሸከመው በሞገዱ ከፍታ መለዋወጥ ነው፤ ብልጭታው መጥቶ ያንኑ ከፍታ ሲያንገጫግጨው ሬዲዮው የአንባቢውን ድምፅና ብልጭታውን የሚለይበት መንገድ የለውም። መብረቅ በመካከለኛ ሞገድ ላይ የሚሰማው፣ በኤፍኤም ላይ ግን እምብዛም የማይሰማው በዚሁ ምክንያት ነው።

በመምህሩ ቮልስ ላይ የተገኘው ነገር ይህ ነው፤ ካንዴላዎቹ ላይ የሚደፉት የፋብሪካ ካፖች በውስጣቸው መከላከያ አላቸው። ያ መከላከያ ኤሌክትሪኩ ላይ ልጓም ያበጃል፤ ብልጭታው ቤንዚኑን ለማቀጣጠል በቂ ሆኖ ይቀራል፣ የሬዲዮ ጩኸቱ ግን ይቀንሳል። አንድ ሰው ካፖቹ ሲሰነጠቁበት በተራ የፕላስቲክ ካፕ ተክቷቸዋል። ከተራ የመዳብ ሽቦ ጋር ሲገናኝ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ማሰራጫ ሆነች። ጋሼ ከአሮጌ መኪና የተነቀሉ አራት ካፖች ከሣጥናቸው አወጡ፤ በቴስተር አንድ በአንድ ለኩና ሦስቱን መረጡ። አራተኛውን ከሶማሌ ተራ አመጣን። ቦቢናው ላይ ደግሞ ኮንደንሰር አሰሩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኮንደንሰሩ የሚታሰረው ከቁልፍ በሚመጣው የቦቢና ጫፍ ላይ ነው እንጂ ወደ ፑንቲና፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደሚቆራርጠው መግቻ፣ በሚሄደው ጫፍ አይደለም። ፑንቲናው የራሱ ልክ ያለው ኮንደንሰር አለው፤ በእሱ በኩል ሌላ ከጨመሩበት እሳቱ ይደክማል፣ ፑንቲናውም ቶሎ ይበላል። ይህን የሳቱ ሰዎች መኪናቸው አልነሳ ሲላቸው ሬዲዮውን ሲረግሙ ሰምቻለሁ።

መምህሩ አራዳ ድረስ ነድተው ተመለሱና ምንም ሳይናገሩ ለጋሼ ሁለት ፓኬት ሲጋራ ሰጧቸው።

ዛሬ ያን የሚመስል ችግር ብዙ አይገጥመኝም። አዲሶቹ መኪኖች ቦቢናቸው ካንዴላው ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ረጅም ሽቦ የለም። ሽቦ ያላቸውም ቢሆኑ የካርቦን ሽቦ ነው፤ በቴስተር ሲለካ በሺህዎች ኦም የሚቆጠር መከላከያ ያሳያል። ካንዴላም ሲገዛ ኮዱ ውስጥ አር የምትል የላቲን ፊደል አለች ወይ ብሎ ማየት ነው፤ አር ካለች መከላከያው በውስጧ አለ፣ ብዙውን ጊዜ 5 ሺህ ኦም ገደማ። ርካሽ ናት ተብላ አር የሌላት የምትገዛበት ጊዜ አለ። ሞተሩ አይከፋውም፤ ሬዲዮው ነው የሚከፋው።

የዲናሞ ጩኸት ሌላ ጠባይ አለው። ጠጠጠ አይልም፤ ዚይይይ ብሎ ይዘፍናል፣ ቤንዚን ሲረገጥ ድምፁ እየቀጠነ ይወጣል፣ ሲለቀቅ ይወርዳል። አንድ የመሥሪያ ቤት ፔጆ 504 በዚህ ምክንያት ከአንድ ጋራዥ ወደ ሌላ ሲዞር ከርሞ እኛ ጋ መጣ። በየቦታው ሬዲዮውን ፈትተው ዳግም ገጥመውታል፤ በአንዱ ጋራዥ ሌላ ሬዲዮ ተቀይሮለታል። ጋሼ አንቴናውን ነቀሉት፤ ዚይይታው ቀጠለ። ድምፁን ወደ ታች ዝቅ አደረጉት፤ ዚይይታው አልቀነሰም። "ይሄ በአየር አልመጣም፣ በሽቦ ነው" አሉና የዲናሞውን ቺንጋ ፈትተው ሞተሩን ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻ አስነሱት፤ ውሃ የሚያዞረው ያው ቺንጋ ስለሆነ ብዙ አይቻልም። ዚይይታው የለም።

ዲናሞ የምንለው አልተርኔተር የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ስድስት ዳዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ያደርጉታል። ከስድስቱ አንዱ ከሞተ ባትሪው መሞላቱን አይተውም፣ መብራቱም ይበራል፣ ስለዚህ ሾፌሩ ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ሬዲዮው ብቻ ነው። የፔጆው አልተርኔተር ሲፈታ አንዱ ዳዮድ ተቆርጦ ተገኘ። አዲስ ከየት ይመጣል? ከተጣለ አልተርኔተር ነቅለን በስታኞ በየድን። መሥሪያ ቤቱ የቀየረው ሬዲዮ በማን ገንዘብ እንደተገዛ አላውቅም፤ በዳዮዷ ዋጋ ግን እርግጠኛ ነኝ፣ ምንም አልተከፈለባትም። በኋላ ዲጂታል ቴስተር እጄ ሲገባ ያን ፍተሻ ሳልፈታ መሥራት ቻልኩ። ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩን ወደ ተለዋዋጭ ቮልት አዙሬ የባትሪው ጫፎች ላይ አደርጋለሁ፤ በሚሊ ቮልት የሚቆጠር ትንሽ ነገር ካሳየ ደኅና ነው፣ ወደ ግማሽ ቮልት ከተጠጋ ግን ዳዮዶቹን ማየት ነው።

እውነቱን ለመናገር በእጄ ካለፉት ውስጥ አብዛኞቹ ሬዲዮዎች በእሳትም በዲናሞም የታመሙ አልነበሩም። የማሳ ጉዳይ ናቸው። በተለይ አንቴናው ፓራፋንጎ ላይ በሚተከልባቸው መኪኖች። ከአንቴናው እግር ሥር ያለው ቀለበት ቀለሙን ቧጥጦ ብረቱን መንከስ አለበት፤ የገመዱ ውጫዊ መረብ ከመኪናው አካል ጋር የሚገናኘው በእሷ በኩል ነው። ክረምት መጥቶ ጭቃ ከጎማው እየተረጨ ከሥሯ ሲገባ ብረቱ ይዝጋል፣ ግንኙነቱ ይላላል። ያኔ ሬዲዮው የሞተሩን ጩኸት ሁሉ መልቀም ይጀምራል፣ ጣቢያውም ይርቃል። ላዳ ታክሲዎች ላይ ይህ የክረምት በሽታ ነበር። ሐምሌ ሲገባ ይመጣሉ፤ ነቅለን፣ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍገን፣ ግራሶ ቀብተን መልሰን እናጠብቀዋለን። ሾፌሮቹ አዲስ ሬዲዮ ገዝተው የመጡ ነው የሚመስላቸው።

አንቴናውን ለመፈተሽ ሦስት መለኪያ ይበቃል። የአንቴናውን መሰኪያ ከሬዲዮው ነቅሎ፣ ከመሰኪያው መሐል ሹል እስከ አንቴናው ጫፍ ድረስ ኤሌክትሪክ ማለፍ አለበት። ከመሐሉ ሹል ወደ ውጪኛው ቀለበት ምንም ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ገመዱ ውስጥ ውሃ ገብቷል ወይም ተጨፍልቋል። ከውጪኛው ቀለበት ወደ መኪናው አካል ደግሞ ዜሮ ኦም ማለት ይቻላል መሆን አለበት። ይህን አንድ ለማጅ በአንድ ከሰዓት ይማረዋል። መስታወት ላይ የተቀረጹ አንቴናዎች ብቻ ለየት ይላሉ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ጊዜ የመጣች ፊያት 124 ሁሉንም መለኪያ አለፈች፤ ሬዲዮዋ ግን አንድም ጣቢያ አይይዝም፣ ሽሽሽ ብቻ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። የገመዱን መንገድ በእጃቸው እየዳሰሱ ከክሩስኮቱ ሥር ሲደርሱ ወፍራም ነጭ ገመድ አወጡ። የቴሌቪዥን አንቴና ገመድ! የድሮው ተበጥሶ ሰውየው የቤቱን ትርፍ ቀጥሎበታል። ለኤሌክትሪሽያን ሁለቱም ገመድ ገመድ ነው፤ ለመካከለኛ ሞገድ ግን አይደለም። የ873 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ 340 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ፓራፋንጎው ላይ ያለችው ዘንግ አንድ ሜትር ናት። ከእሷ የሚገኘው ጉልበት እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ የመኪና አንቴና ገመድ ሆን ተብሎ መሐሉ ቀጭን ሽቦ፣ ዙሪያው ባዶ ተደርጎ ይሠራል፤ ጉልበቱ በመንገድ ላይ እንዳይፈስ። የቴሌቪዥኑ ገመድ ያችኑ ጥቂት ይውጣታል። ትክክለኛው ገመድ ሲገባ ደግሞ የድሮ ሬዲዮዎች ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ መርፌውን ወደ 1400 አካባቢ ወስዶ ደካማ ጣቢያ ይፈለግና ድምፁ ከፍ እስኪል ብሎኗን በቀስታ ማዞር። ጋሼ ይህን ሲያደርጉ ማንም እንዲናገር አይፈልጉም ነበር። ደንበኛው እንኳ ቢያስነጥስ ይቆጡታል።

ጋሼ በ1980ዎቹ ውስጥ ሥራ አቁመው አገራቸው ገቡ። ጋራዧን ሳይሆን ሣጥናቸውን ነው የወረስኩት፤ ቦታዋን ሌላ ሰው ተከራየው። እኔ ወደ ሌላ ሰፈር ሄጄ የራሴን ሥራ ጀመርኩ።

አጭር ሞገድ በዚያን ጊዜ ትልቅ ጉዳይ ነበር። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1957 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተላልፉ ነበር፤ ከከተማ ራቅ ብለው የሚሠሩ ሾፌሮች ምሽቱን መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው የሚሰሙት እነሱን ነበር። ለአፍሪካ ገበያ የመጡ ብዙ ላንድክሩዘሮች አጭር ሞገድ የሚይዝ ሬዲዮ ነበራቸው። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ አንድ የላንድክሩዘር ሾፌር ምሽት ላይ መጣ። "ይህቺ ሬዲዮ ቀን ደኅና ናት፤ ማታ ዝግጅቱ ሲጀምር ጉርርር ትላለች፤ ዲናሞው ነው መሰለኝ" አለኝ። ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ሞተሩን አጠፋሁት፤ ጉርርርታው አለ። አንቴናውን ነቀልኩ፤ ጠፋ። መለስኩት፤ መጣ። ማዞሪያውን ትንሽ ወደ ጎን ሳደርገው ሌሎች ጣቢያዎች ጥርት ብለው ይሰማሉ። ጉርርርታው ያለው እዚያች አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ዝግጅቱ ሲያልቅም አብሮ አለቀ።

"ወንድሜ፣ መኪናህ ደኅና ናት" አልኩት።

ተመለከተኝ፣ ሳቀ። "ታዲያ ይሄን ማን ይጠግነዋል?"

ሆን ተብሎ የሚደረግ አፈና እንደነበር ያን ጊዜ የሬዲዮ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ገንዘብ አልተቀበልኩትም። ጥቂት ፍሪኩዌንሲዎችን ወረቀት ላይ ጽፎ እንዲሞክር መከርኩት፤ ጣቢያዎቹ በአንድ ጊዜ በተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎች ያስተላልፉ ስለነበር አንዱ ሲታፈን ሌላው ሊያልፍ ይችላል።

ከዚያ በፊት ግን ኤፍኤም መጥቶ ሥራዬን ገልብጦት ነበር። ኤፍኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሲጀምር፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር 102.1ና ዛሚ 90.7 ሲከተሉ፣ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ የማይከፈትበት ሰዓት ጠፋ። በዚያው ዘመን በዱባይ በኩል የሚመጡት የጃፓን መኪኖች ከተማውን አጥለቀለቁት። ሰው ኮሮላውን ገዝቶ፣ ከወደብ አውጥቶ፣ ቀረጡን ከፍሎ፣ በደስታ ሬዲዮውን ይከፍታል፤ ሽሽሽ። "ሬዲዮው አዲስ ነው፣ ግን ጣቢያ የለውም" ብሎ ይመጣል። ሬዲዮው ደኅና ነው። ጃፓን ያን ጊዜ ለራሷ አገር የምትሠራው ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነበር፤ እነዚህ የእኛ ጣቢያዎች ግን ከ90 በላይ ናቸው።

መፍትሔው ኤክስፓንደር የምንላት ትንሽ ሣጥን ናት። በአንቴናውና በሬዲዮው መሐል ትገባለች፣ ከሬዲዮው ሽቦ ኤሌክትሪክ ትወስዳለች፣ የሚመጣውን ፍሪኩዌንሲ በተወሰነ መጠን ዝቅ ታደርገዋለች። በ18 የምትቀንስ ከሆነች 97.1ን በ79.1 ላይ፣ ሸገርን በ84.1 ላይ ታገኙታላችሁ። ስንት ሾፌር መሪው አጠገብ ቁጥሮቹን በእስክሪፕቶ ጽፎ እንደለጠፈ! ሒሳቡ ግን የሚጥለውም አለ፤ 90.7 ሲቀነስ 18፣ 72.7 ነው፤ ሬዲዮው ከ76 በታች አይወርድም። "ዛሚ ለምን አይመጣም?" እያሉ ስንቶች ተመላልሰዋል። አንዳንዶች ጣቢያው ተዘግቷል ብለው አምነው ነበር። ሣጥኗ ደግሞ ርካሽ ስትሆን ኃይለኛው ጣቢያ በሁለት በሦስት ቦታ ይመጣል፣ ደካማውንም ይረግጠዋል። እኔ እንደማምነው ኤክስፓንደር ጊዜያዊ ነገር ናት፤ ገንዘብ ያለው ሰው የእኛን ስርጭት የሚይዝ ሬዲዮ ቢያስገጥም ይሻለዋል።

ኤፍኤም የብልጭታ ጠላት ነው እንጂ የተራራና የፎቅ ወዳጅ አይደለም። ሞገዱ ሦስት ሜትር ገደማ ነው፣ የሚሄደውም እንደ ዓይን እይታ በቀጥታ ነው። ከፉሪ ተራራ የሚነሳው ስርጭት በቀጥታም፣ ፎቅ ላይ ተንጥሮም መኪናው ጋ ይደርሳል፤ ሁለቱ ተጋጭተው የሚጠፋፉበት ቦታ ላይ መኪናው ከቆመ ድምፁ ይንሿሿል። ቦሌ መንገድ ላይ መብራት ይዟችሁ ጣቢያው ሲበላሽ አንድ ሜትር ወደፊት ብትሉ የሚጠራው ለዚህ ነው። ይህን የሚያስተካክል ጋራዥ የለም። ቡስተር የሚባለውን የጣቢያ ማጉያ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ግን ሞልቷል፤ ቡስተሩ ጩኸቱንም አብሮ ያጎላዋል።

አሁን አሁን የሚመጡልኝ ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው። የቪትዝ ሾፌሮች፣ ቀኑን ሙሉ ስልካቸው ቻርጅ ላይ፣ ካሜራ ፊት ለፊት፣ ውስጡ በኤልኢዲ ያሸበረቀ። "ሸገር እየጠፋብኝ ነው" ይላሉ። ለቻርጀሩ የሚገባው 12 ቮልት ነው፣ የሚወጣው 5 ቮልት፤ ርካሹ ቻርጀር ይህን የሚያደርገው ኤሌክትሪኩን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆረጠ እየቀጠለ ነው። ይህ መቁረጥና መቀጠል የራሱ የሬዲዮ ጩኸት አለው። ማጣሪያ ያላት ቻርጀር ትከለክለዋለች፣ ርካሿ ግን ሁለት ሳንቲም ለማዳን ማጣሪያውን ትታዋለች። የኤልኢዲ አምፖሎችም እንደዚያው። ባለፈው አንዱ ልጅ መጥቶ እየተከራከረኝ ቻርጀሩን ከመሰኪያው ነቀልኩት። ሸገር መጣ። መልሼ ሰካሁት፤ ሄደ። ልጁ ሬዲዮውን ሳይሆን እኔን ነበር ያየው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ይኸኛው ነው። የኋላ መስታወት ላይ ቀጫጭን መስመር ሆኖ የተቀረጸ አንቴና ያላቸው መኪኖች ከመስታወቱ ሥር ትንሽ ማጉያ አላቸው። ማጉያዋ ካልሠራች አንቴናው የሞተ ያህል ነው፣ ኤሌክትሪኳም የሚመጣው ከሬዲዮው ጀርባ ነው። ከላይ ያልኩት መለኪያም ለእነሱ የማይሠራው ለዚህ ነው። ባለቤቱ የፋብሪካውን ሬዲዮ አስወልቆ ትልቅ አንድሮይድ ስክሪን ያስገጥማል። ገጣሚው አራት ሽቦ ያገናኛል፤ ባትሪ፣ ቁልፍ፣ ማሳ፣ ስፒከር። ሰማያዊዋ ሽቦ ትርፍ ትመስለዋለች፣ በቴፕ ጠቅልሎ ይተዋታል፣ አንዳንዴም ይቆርጣታል። መኪናው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፒያሳ ውጪ ጣቢያ አይይዝም፤ ሰውየውም ስክሪኑ ቻይና ስለሆነ ነው ብሎ ይተወዋል። ባለፉት ዓመታት በዚህ ምክንያት የመጡልኝን መኪኖች ሽቦዋን ብቻ አገናኝቼ መልሻቸዋለሁ፤ ለሥራውም የጠየቅኩት የሻይ ዋጋ ነው።

እናንተ ስክሪን የምትገጥሙ ወጣቶች፣ ሰማያዊዋን ሽቦ አትቁረጧት። ከፋብሪካው የአንቴና ሽቦ ጋር አገናኟት፣ ከዚያም መኪናውን ከመስጠታችሁ በፊት ሞተሩን አጥፍታችሁም አስነስታችሁም አንድ ጊዜ ሬዲዮውን ስሙት።